ወንድሜን ለሰርጌ ልደብቀው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 28 ነው፤ ባንክ ቤት እሠራለሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ አካባቢ ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ቤት ያለነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ታላቅ እህቴ ዱባይ ናት፤ የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የምትችለው እሷ ናት።

ወንድሜ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለ መተኛት አቆመ። ጓደኞቹ ምግቡ ውስጥ መርዝ ይጨምሩብኛል ይል ጀመር። ብቻውን ያወራል፤ እኛ የማንሰማውን ድምፅ ይሰማል። ተጠርተን ሄደን አመጣነው። መጀመሪያ ጠበል ወሰድነው፤ ለወራት ቆየ፣ አልተሻለውም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደን ስኪዞፍሬንያ ነው ተባልን። አሁን በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ማታ ማታ ኪኒን ይወስዳል። ድምፁ ጨርሶ ባይጠፋም ቀንሶለታል። ቡና ያፈላል፣ ለእማዬ ይላላካል፣ ኳስ ያያል። ግን ወፍሯል፣ ብዙ ይተኛል፣ አረማመዱም ደርቋል። አንዳንዴ ደግሞ መቀመጥ ያቅተውና ሳሎኑን ሲዞር ያመሻል።

እማዬ መድኃኒቱን አትወደውም። ሰው አስደርጎበት ነው ብላ ታምናለች። "ልጄን ያደነዘዘው መድኃኒቱ ነው፤ መንፈሱም እንዳይለቀው የያዘው እሱ ነው" ትላለች።

እጮኛ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌ ይልካል፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ ነው። ስለ ወንድሜ የነገርኩት ባሕር ዳር እንደሚማር ብቻ ነው። ስንተዋወቅ ሰሞን ከአፌ አመለጠኝ፤ ከዚያ ማስተካከል አቃተኝ። አሁን "መቼ ነው የሚመረቀው?" እያለ ይጠይቀኛል።

እማዬና እህቴ መክረው ጨርሰዋል። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ወንድሜን ክፍለ ሀገር ጠበል ይወስዱታል፤ ሰርጉ እስኪያልፍ እዚያው ይቆያል። መድኃኒቱም ይቆማል። እማዬ "በዘራቸው እብደት አለ ከተባለ ቆመሽ ትቀሪያለሽ" አለችኝ። እህቴም በስልክ "ለአንድ ቀን ብለሽ ዕድልሽን አታበላሺ" አለች። እውነቱን ልናገርና፣ ስሰማው ቅልል አለኝ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ኩሽና ድረስ መጥቶ "ለሰርግሽ ለእኔም ሱፍ ይገዛልኛል?" አለኝ። የምለው ጠፋኝ፤ "እናያለን" አልኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለእጮኛዬ ልንገረው? ትቶኝ ቢሄድስ? ደግሞ ስወልድ ልጄ እንደሱ ቢሆንስ? ይቺን የመጨረሻዋን ለማንም ጠይቄ አላውቅም።

ስሜ ይቆይ፣ ከጉለሌ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ያለፍሽው ነገር አለ። ወንድምሽ እንደማይኖር ስትሰሚ ቅልል አለሽ፣ ከዚያ አፈርሽ። በዚህ ራስሽን አትውቀሺ። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ብለሽ ደንበኛ ስታስተናግጂ ትውያለሽ፤ ማታ በሩን ስትከፍቺ ደግሞ "ዛሬ እንዴት ሆኖ ይጠብቀኝ ይሆን?" እያልሽ ነው የምትገቢው። ዓመታት እንዲህ የኖረ ሰው፣ አንድ ሰው መጥቶ "አንቺ ዝም በይ፣ እኛ እንጨርሰዋለን" ሲለው ቢቀለው ምን ይገርማል?

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቀለለሽ ወንድምሽ ሰርግሽ ላይ ስለማይኖር ነው? ወይስ ለእጮኛሽ የመንገሩ ጣጣ ስለቀረልሽ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ወንድምሽን ማየት ያስጠላሽ ቢሆን ኖሮ የሱፉ ጥያቄ እንቅልፍ አይነሳሽም ነበር።

እህትሽ "ለአንድ ቀን ብለሽ" ብላሻለች። ካለችበት ሆና ስታየው እንደዚያ ሊመስላት ይችላል። ግን ሰርጉ ነው እንጂ አንድ ቀን፣ መደበቁ አንድ ቀን አይደለም። ማግስቱን መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። ዓመት በዓል አለ። ክርስትና ይመጣል። አይበለውና ለቅሶም ይመጣል፤ የእናት ለቅሶ ላይ ወንድ ልጅ የታለ መባሉ አይቀርም። ባሕር ዳር የሚማረው ልጅስ ስንት ዓመት ይማራል? በዚህ አያያዝ ዶክትሬቱንም ልታስይዙት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ደግሞ አለ። እናትሽ እየደከሙ ይሄዳሉ። እህትሽ ሩቅ ናት። እሳቸው ሲያቅታቸው ቀጠሮውን የሚያስታውስለት፣ መድኃኒቱን የሚገዛለት ማን ነው? አንቺም መልሱን ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን ወንድምሽ አንቺና ባልሽ ቤት ሊኖር ይችላል። እዚያ ባይኖር እንኳ ከደመወዛችሁ፣ ከሰዓታችሁ፣ ከሐሳባችሁ ድርሻ ይኖረዋል። ስለዚህ ለእጮኛሽ የምትነግሪው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አብራችሁ ስለምትመሠርቱት ቤት ነው። ይህን ሳያውቅ እሺ ያለ ሰው እሺ ያለው ሌላ ቤት ነው።

አዎ፣ ንገሪው። ደግሞም ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ይሁን። ሽማግሌ አንዴ ተቀምጦ "ልጃችሁን ለልጃችን" ካለ በኋላ ነገሩ የሁለታችሁ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሁለት ቤተሰብ ስም ይገባበታል። ያኔ እሱም ቢከፋው እንደ ልቡ አይናገርም፤ አንቺም እንደ ልብሽ አታስረጂም።

ትቶኝ ቢሄድስ ላልሽው፣ አይሄድም ብዬ አልሸነግልሽም። ሊሄድ ይችላል። ከሄደ ያማል፤ ያውም በጣም። ግን የምትፈሪው እሱን ነው ወይስ እናቱን? ሁለት ዓመት አብረሽው ቆይተሻል። መንገድ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ሲያይ ምን ይላል? ይስቃል? ያልፋል? ያዝናል? ከዘመዶቹ አንዱ ሲታመም እንዴት ሆነ? እነዚህን አስቢያቸው። እኔ ከምገምትልሽ ይልቅ ያየሽው ነገር ይሻላል። ብዙ ጊዜ እጮኛው ራሱ ይሸከመዋል፤ የሚያስጨንቀው ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚያስረዳ ነው። ያ ደግሞ አብራችሁ የምትመክሩበት ነው።

ከእሱ በፊት ግን የምታናግሪው ሰው አለ፤ ወንድምሽ። ሕመሙ የሱ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ ተናግረዋል፣ እህትሽ ተናግራለች፤ እሱ የተናገረው ስለ ሱፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሱፉን መልስ ስጪው። "እናያለን"ን ተዪና "አዎ፣ ይገዛልሃል" በይው። ከዚያ ረጋ ባለበት ሰዓት፣ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይሁን ሌላ ጊዜ፣ "ለእጮኛዬ ስላንተ ልነግረው ነው፤ ምን ብዬ ብነግረው ደስ ይልሃል?" በይው። የሕመሙ ስም እንዲነሳ ይፈልግ ይሆናል፤ "ታሞ ነው፣ ይታከማል" ብቻ ይበቃኛል ሊልም ይችላል። ጠበሉንም ጠይቂው። መሄድ ይፈልጋል? ያለፈው ጊዜ እዚያ እንዴት አሳለፈ? ማንም ጠይቆት የማያውቅ ከሆነ የሚነግርሽ ነገር ይኖራል።

ለእጮኛሽ ስትነግሪው ነገሩን አታዙሪው። በቴሌግራም አይሁን፣ ሙዚቃ የሚጮህበት ካፌም አይሁን። የእግር መንገድ ጥሩ ነው፤ ፊት ለፊት መተያየት ስለሌለ ቃል ይቀላል። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "ወንድሜ ባሕር ዳር አይደለም፤ ቤት ነው ያለው። ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለ የአእምሮ ሕመም ታሞ ትምህርቱን አቋረጠ። መድኃኒት ይወስዳል፣ ተሽሎታል፣ ግን ድኖ አልጨረሰም። የዋሸሁህ ስለፈራሁ ነው። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት እንድታውቀው ፈለግኩ።" ውሸቱን በእናትሽ ላይ አታላኪው። የሚያስከፋው ከሕመሙ ይልቅ ሁለት ዓመት አለማወቁ ሊሆን ስለሚችል፣ ለዚያ ይቅርታ ጠይቂው። ለሕመሙ ግን ይቅርታ አትጠይቂ፤ ማንም ያጠፋው ነገር የለም። መልሱን ያን ዕለት አትጠብቂ። ጥቂት ቀን ዝም ቢል ተወኝ ማለት አይደለም። ፈቃደኛ ከሆነ ከወንድምሽ ጋር አገናኚያቸው። ወንድምሽ ቡና ያፈላል አላልሽም? አፍልቶ ያጠጣው፤ ኳስ ይዩ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልጠንክር፣ ምክንያቱም ከሰርጉ ጉዳይ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

ወንድምሽ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ ደም የሚገባ ነው። ቢቋረጥ በማግስቱ ምንም አይታይም። እንዲያውም መጀመሪያ የተሻለው ይመስላል። ድርቀቱ ይለቀዋል፣ እንቅልፉ ይቀንሳል፣ ፊቱ ይፈታል። እናትሽም "አላልኩም?" ይላሉ። ሕመሙ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። እስቲ ከየካቲት ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ግንቦት ላይ ትደርሻለሽ። ሰርጉ ይመርልን ተብሎ የታሰበው ነገር፣ ልክ በሰርጉ ሰሞን ወንድምሽን መጀመሪያ ወደታመመበት ሊመልሰው ይችላል፤ ያውም ከቤቱ ርቆ፣ ሐኪም በሌለበት። አንዳንድ ጠበል ቦታ እንዲህ የሆነ ሰው በሰንሰለት እንደሚታሰር አንቺም አይተሽ ይሆናል። ይህን ለእህትሽ እንደዚሁ ንገሪያት። እሷ እስካሁን የሰማችው እናትሽን ብቻ ነው። ወጪ የምትችል ሰው ደግሞ ለዚህ ሁሉ ዓመት ያወጣችው ብር በጥቂት ወር እንዲፈርስ አትፈልግም።

እናትሽን ግን በክርክር አታሸንፊያቸውም። ማሸነፍም የለብሽም። መንፈስ ነው፣ ሕመም ነው የሚለውን ተዪው። "ያደነዝዘዋል" ሲሉ የሚያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ልክ ናቸው። ይተኛል፣ ደርቋል፣ ወፍሯል። እነዚህ የመድኃኒቱ ጎን ለጎን የሚመጡ ችግሮች ናቸው። መቀመጥ አቅቶት ሳሎን ሲዞር የሚያመሸውም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ እግር አላስቀምጥ የሚል መቁነጥነጥ ያመጣሉ። የሚያየው ሰው ሕመሙ ባሰበት ይላል፤ እናት መንፈሱ ተነሳበት ትላለች። መጠኑን በመቀነስ፣ በመቀየር ወይም ማስታገሻ በመጨመር ሐኪሙ ሊያቀልለት ይችላል። ግን ሐኪሙ መኖሩን ማወቅ አለበት። ተራው ረጅም፣ ሐኪም ፊት የሚገኘው ደቂቃ ደግሞ አጭር መሆኑን ታውቂያለሽ። ስለዚህ በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። ወንድምሽ ከፈቀደ ሲዞር በስልክሽ ቅረጪና አሳዪ። ውፍረቱን ተናገሪ፤ ስኳሩም ይለካ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ እናትሽን ይዘሻቸው ግቢ። "ያደነዝዘዋል" የሚለውን ራሳቸው ይናገሩት። እስካሁን ከበር ውጪ ከቆዩ መድኃኒቱን ቢጠሉት አይፈረድባቸውም። የሐኪም ቤቱ ስም የሚያስፈራቸው ከሆነ ደግሞ፣ "አማኑኤል ገባ" በሳቸው ትውልድ ስድብ ነበር፤ በእኛም ገና አልቀረም። ዛሬ ግን ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ጨጓራውን ያመመው ሰው በሚገባበት በር ነው የሚገባው።

ጠበሉንስ? ይጠመቅ፤ ጠበሉ አይጎዳውም። የሚጎዳው የመድኃኒቱ መቆም ነው። ጉለሌ ተቀምጣችሁ እንጦጦ ከራሳችሁ በላይ ነው። ለምን ክፍለ ሀገር ይሄዳል? ጠዋት እናትሽ ይዘውት ወጥተው፣ ተጠምቆ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ይመለስ። ጾሙንም አይነካበትም። ኪኒኑን ማታ ስለሚወስድ በባዶ ሆዱ ጠበል ጠጥቶ ቢያስመልሰው እንኳ መድኃኒቱ አይወጣም። ጾሙንና ጠበሉን ግን ለሐኪሙ ንገሩት። የእናትሽን የንስሐ አባትም አማክሪ፤ የእሳቸው አንድ ቃል ከአንቺ መቶ ቃል ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ያኔ ጠበል ገብተው መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ነበሩና። እናትሽ ያን ጊዜ ያስታውሱት ይሆናል። ለወንድምሽም ከዚያ የተለየ ነገር አልጠየቅንም።

ለማንም ጠይቄ አላውቅም ያልሽው የልጅ ጉዳይ፦ ይህ ሕመም በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለው፤ አይደለም ብዬ አልደብቅሽም። ቁጥሩን ግን እወቂው። ማንም ሰው በዕድሜው በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ100 1 ገደማ ነው። አጎቱ የታመመበት ልጅ ደግሞ ከ100 3 ወይም 4 ገደማ ነው። እንግዲህ እንደ አንቺ ያለች እናት ከምትወልዳቸው ልጆች ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። ሰፈር "በዘራቸው አለ" ሲል ግማሹ የታመመ ያስመስለዋል። ከጥያቄሽ ጀርባ "እኔስ?" የሚል ፍርሃት ካለም በእህትነትሽ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከ100 9 ወይም 10 ገደማ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ስለሆነ፣ ሴቶች ላይ ጥቂት ቢዘገይም፣ ብዙውን አልፈሽዋል። ለብቻሽ ገብተሽ የወንድምሽን ሐኪም ጠይቂ። እጮኛሽም ይህን መጠየቁ አይቀርምና ቁጥሩን ይዘሽ ብትቀርቢ ጥሩ ነው።

ነገሩ ተሳክቶ ሰርጉ ላይ ከደረሳችሁ፣ መምጣቱን ወንድምሽ ይወስን። ስፒከሩ፣ ሕዝቡ፣ ካሜራው ለእሱ ሊከብደው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሊበቃው ይችላል፤ ወይም ምሳ በልቶ መሄድ። የመርፌው ቀን ከሰርጉ ሳምንት ጋር እንዳይጋጭ ቀደም ብለሽ አስተካክይ። ዋዜማውን ቤቱ በሰው ስለሚሞላ እንቅልፍ እንዳያጣ ጸጥ ያለ ዘመድ ቤት ይደር። ሚዜዎቹ ጫት ይዘው ከተሰበሰቡ እዚያ አይቀመጥ፤ ጫት እንዲህ ያለውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ መጠጡም ይቅርበት። አንድ የሚወደው ያጎት ልጅ ወይም ጓደኛ አጠገቡ ይሁን፤ "እንውጣ" ካለው ምንም ሳይጠይቅ ይዞት የሚወጣ። መኪናም ይዘጋጅ። ከዘመድ አንዷ ጠጋ ብላ "ልጁ ምን ሆኖ ነው?" ካለችሽ "ታሞ ነበር፣ እየታከመ ነው" በያት። ከዚያ "ምግብ አነሳችሁ?" ብለሽ እለፊ።